የራሷን ቃል ያልጻፈችው ቃለ ጉባኤ ያዥ

በዚህ ዓመት የሴቶች ቀን ሲከበር ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ጋቢ ሸለሙኝ። የተሸለምነው ሰባት ሴቶችና እኔ ነን። መድረኩ ላይ ስንደረደር ከሴቶቹ የምለየው በጢሜ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን እየሳሳ ነው። ማይክሮፎኑን የያዘችው ልጅ፣ «ጋሼ በዚያ ዘመን ችግኝ ለሴቶች ይሰጥ ብለው የተከራከሩ፣ ከዘመናቸው የቀደሙ ሰው ናቸው» ብላ አስተዋወቀችኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ በሕይወቴ ከሰው ቀድሜ የማውቀው ምሳ ላይ ብቻ ነው፤ ግን ማን ይሰማኛል። ንግግር ያድርጉ ሲሉኝ እውነቱን ልናገር ተነሣሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ቀልድ ነበር። ሳቁ፤ ጋቢውን ደረቡልኝ፤ ወረድኩ።

ያን ሐሳብ ያመነጨሁት እኔ አይደለሁም። ያመነጨችው ሴት በዚያች ሰዓት ከአዳራሹ ሩብ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ላይ፣ እናቷ በተዉላት ቤት፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። በአፌ ያልቻልኩትን በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እጄም ቢሆን የታመነ አይደለም። ጽሕፈቴን አይቶ፣ «ሐኪም ነህ ወይስ ዶሮ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ።

መሥሪያ ቤታችን ውጫሌ ነበር። ዛሬ ስሙም ማኅተሙም፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የማያነጋግረው ቆርቆሮውም ጠፍቷል። ሥራችን ችግኝ ነው። በየክረምቱ የአምባሰልን ገደላ ገደል ዛፍ እናለብሳለን፤ ማለቴ ወረቀቱ ላይ እናለብሳለን። መሬቱ ላይ የሚወስኑት ፍየልና ፀሐይ ነበሩ። ዐሥር ያህል ሠራተኞች ስንሆን፣ ጽዳት ከምትሠራው እናት በቀር ሴት አንድ ብቻ ነበረች።

የሐይቅ ልጅ ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ መሬት የሚነካ የማይመስል ቀጭን የሙስሊም ልጅ ነበረች። በደን ሥራ ዲፕሎማ ነበራት። ዲፕሎማ ያላቸው ኃላፊያችንና እሷ ብቻ ነበሩ። እኔ የነበረኝ የስድስት ወር ኮርስ የምስክር ወረቀት ነው፤ እሱንም ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ዝንቦች ፈርመውበታል። ቢሆንም መስክ የምወጣው እኔ ነኝ። በቅሎ ሴት አታስቀምጥም ተባለ። በቅሎዋን የጠየቃት ግን የለም። እሷ ቢሮ ትቀመጣለች፤ የችግኝ መዝገብ ትይዛለች፤ እንግዳ ሲመጣ ሻይ ቤት ሄዳ ሻይ ታዝዛለች። እጅ ጽሕፈቷ ደግሞ መርፌ የሰፋው ይመስል ነበርና ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስንሰበሰብ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ሆነች።

ቃለ ጉባኤ ምን ያህል ነገር እንደሆነ የዘመኑ ልጆች ላይገባችሁ ይችላል። በዚያን ጊዜ እዚያ ያልሰፈረ ነገር አልተባለም ማለት ነው። ማን ምን እንዳለ ተጽፎ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ተነቦ፣ ተፈርሞ፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሰው ያድጋል፣ ይቀጣል፣ ይዛወራል በሱ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች እንደማንኛችንም ስትናገር ቆይታ፣ እንደማንኛችንም ራሷን ጻፈች። በሚቀጥለው ሰኞ ስታነብ፣ «ወይዘሪት እገሊት ችግኞቹ ከመነቀላቸው በፊት ውሃ ቢቀነስባቸው ሥሮቻቸው ይጠነክራሉ አሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከአፏ ወጣ። የራሷን ስም ስታነብ ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። እኔ አፌ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል፤ «ይቺ ልጅ ፎቶ አንሺ ሆና ፎቶው ውስጥ ገባች እንዴ?» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራን ሳቀች፤ አንገቷ ድረስ ቀልታ። ኃላፊያችን ዐይኑን እየጠረገ፣ «በይ ሰርዥው እህቴ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው የራሱን አይጽፍም። ሐሳቡ ጥሩ ከሆነ ቤቱ ያነሣዋል» አላት። ማስመሪያ አውጥታ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችበት።

እንዲህ ያለ ደንብ የትም አልነበረም። እኔ በቀልድ ወለድኩት፤ ኃላፊው አሳደገው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሕግ ኖረ። እሷም አንድ ቀን እንኳ አልጣሰችውም። ነውር መሰላት። ሰው ሲስቅባት የሰረዘችውን ነገር ደግማ ለመጻፍ ፊት ያላት ልጅ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ። እሷ ቀስ ብላ አንድ ነገር ትናገራለች። ማንም ቀና አይልም። ግማሹ ጋዜጣ ያያል፤ ኃላፊው እስክሪብቶውን ይፈታታል። እኔ አጠገቧ ስለምቀመጥ እሰማታለሁ። ድምፄ ደግሞ ውጫሌ ገበያ ላይ በግ የሚያስደነግጥ ነው። «ምን ይመስላችኋል፣ እንዲህ ብናደርግ?» ብዬ ያንኑ እደግመዋለሁ። ቤቱ «ጥሩ ነው» ይላል። እሷ ትጽፋለች፦ «አቶ እገሌ እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረቡ።»

ልሰርቃት አልነበረም። ሙስሊም ብሆን ወላሂ እላችሁ ነበር። እንዲያውም የማግዛት ይመስለኝ ነበር። እሷም የተቀየመች አትመስልም። አንድ ዐርብ ጠዋት ቢሮ ገባሁና መዝገብ ስትሞላ አገኘኋት።

«ወንድሜ፣ ሰኞ ምን ልትል አስበሃል?» አለችኝ።

«ገና አልነገርሽኝም» አልኳት።

«አንተ ሰነፍ። በል ጻፍ፤ ነገሩን አጥንተህ ና» ብላ ሳቀች።

የችግኙ ነገር የመጣው በዚያ መንገድ ነው። በየዓመቱ ችግኝ ለአባወራው እናድላለን፤ አባወራው ፈርሞ ይወስዳል፤ ጥር ሲሆን ሄደን ስናይ ቆሞ የሚገኘው እንጨቱ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ እሷ፣ «ውሃ የሚቀዳው ሴቷ ናት። ችግኙን የምታጠጣውም እሷ ናት። ለምን ችግኙን ለሷ፣ በስሟ አንሰጣትም? የራሷ ከሆነ ከእንስራዋ ትቀንስለታለች» አለች። ኃላፊው መስኮት መስኮት ያያል። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «ችግኙ ለሚያጠጣው ሰው ይሰጥ። ለወንዶቹማ ስንሰጥ ኖረን፣ ያጠጡት ራሳቸውን ብቻ ነው» አልኩ። ሳቁና ተቀበሉት። በቀጣዩ ዓመት ያደልናቸው ችግኞች ከየቤቱ ጓሮ ብቅ ብቅ አሉ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ በእኔ ስም። ለሷ አሳየኋት። አንብባ፣ «ማሻአላህ፤ የኔን ነገር አሳምረህ ትናገራለህ» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን አላየሁም፤ ደብዳቤዬን እያየሁ ነበር።

እናቷ ሐይቅ ነበሩ። ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አንድ እህት ነበረቻት፤ እሷም ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ የሚመጣው ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ብቻ ነው። ሴትዮዋ ቤታቸውን በእጃቸው ያውቁታል፤ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውሃው ማስቀመጫ በመዳሰስ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ውጫሌ አምጥታቸው ነበር። በማያውቁት ቤት ግድግዳ ሲፈልጉ ሁለቴ ወደቁ፤ ወር ሳይሞላ «መልሽኝ» አሏት፤ መለሰቻቸው። ሥራዋን እንዳትተው የሁለቱም ጉሮሮ በሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዐርብ ዐርብ ከጁሙዓ በኋላ ባገኘችው አይሱዙ ላይ ተንጠልጥላ ሐይቅ ትወርዳለች፤ እሑድ ማታ ትመለሳለች። በመካከል ያሉትን ቀኖች ጎረቤት ብቅ እያለ ያያቸዋል።

በዚህ መካከል ሐይቅ ዳር የነበረው የችግኝ ጣቢያችን ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ጣቢያው ከእናቷ ቤት ቁልቁል፣ እዚያው ሥር ነው። ከእናቷ ደጃፍ ሆነው ቢጣሩ የሚሰማ ቦታ። የሥራ መደቡ በማስታወቂያ ወጣ። ደን ሥራ የተማረ ሰው ይፈልጋል ይላል። ማስታወቂያውን ያነበበችበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ወጥታ፣ ተመልሳ ሦስተኛ አነበበችው።

ሌላ የተመዘገበ አልነበረም። ደሴ የለመደ ሰው ሐይቅ ዳር ከትንኝ ጋር መኖር አይፈልግም። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሲቃረብ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«አንተ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው።»

«አግባኝ ከማለት በቀር ሁሉንም እሺ» አልኳት።

«ማን ሊያገባህ። ስማኝ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ውድድሩ ይሰረዛል አሉኝ። ቢያንስ ሁለት ሰው መወዳደር አለበት። ተመዝገብልኝ።»

«እኔ? በዚህች ሰርተፊኬት?»

«ለዚህ እኮ ነው አንተን የመረጥኩህ» አለች።

ተሳሳቅን። ተመዘገብኩላት። ቅጹን ራሷ ሞላችልኝ፤ በኔ እጅ ቢሞላ የሚያነበው የለማ። ባዶ ወንበር ለመሙላት የገባሁ ሰው ነበርኩ። በዚያች ቀን ከሁለታችን አንዳችን እንኳ የቃለ ጉባኤውን ፋይል ብናስብ ኖሮ። ፋይሉን ከሷ የበለጠ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱን ገጽ በእጇ ጽፋዋለች። ነገር ግን ሐሳቡ የማን እንደሆነ ቢሮው ሁሉ ያውቃል ብላ ታስብ ነበር፤ ስለዚህ የተጻፈው ሌላ መሆኑ ትዝ አላላትም። እኔም ትዝ አላለኝም። እኔ የሚዘነጋኝ ነገር ብዙ ስለሆነ አይገርምም።

ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። አንደኛ እኔ።

በትምህርት በልጣኛለች። በሥራ ዘመን እኩል ነን። «ሐሳብ አመንጪነትና ተሳትፎ» በሚለው ላይ ግን ገምጋሚዎቹ የዓመታቱን ቃለ ጉባኤ አገላብጠው፣ በየገጹ የኔን ስም አግኝተዋል። የሷ ስም የተገኘው በየገጹ ግርጌ ነው፤ «ጸሐፊ» ከሚለው ቃል አጠገብ። በዚያ መስፈርት ዜሮ ተሰጣት፤ በሱም ምክንያት ከማለፊያው ነጥብ በታች ሆነች።

ኃላፊው ጋ ገባሁ። አልፈልግም አልኩት።

«ብትተወው ለሷ አይሆንም» አለኝ። «አላለፈችም። ከደሴ ሰው ይላካል። ደግሞስ ነገ ባል ታገባና ትሄዳለች፤ ጣቢያው ያለ ሰው ይቀራል።»

እኔም ያላገባሁ ነበርኩ። ነገ ሚስት ታገባለህ ያለኝ ግን የለም። ይህን ሳነሣለት፣ «አንተንማ ማን ያገባሃል» ብሎ ሳቀ። በዚህስ እሱና እሷ ተስማምተዋል ማለት ነው።

አቤቱታ አስገባች። የሚሰማው ሰው ከበላይ መሥሪያ ቤት መጣ፤ ኮት የለበሰ፣ ትሑት፣ ክፋት የማይታይበት ሰውዬ። በስብሰባ ክፍላችን ተቀመጥን። ኃላፊው፣ «ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል?» ሲል የሁላችንም ዐይን በልማድ ወደሷ ዞረ።

«እኔ እኮ አቤት ባይዋ ነኝ» አለች።

«የሚነበብ እጅ ሌላ የለንማ እህቴ» አለ ኃላፊው።

እንግዳው፣ «ችግር የለውም። የሚባለውን ብቻ ይጻፉ» አላት።

ያኔ ተነሥቼ እኔ እጽፋለሁ ማለት ነበረብኝ። የኔ ጽሕፈት ባይነበብም፣ ባይነበብ ይሻል ነበር። አልተነሣሁም። እሷ ወረቀቱን ሳበች፤ ቀኑንና የተሰበሳቢዎቹን ስም ጻፈች። «አቤት ባይዋ ይናገሩ» ተባለ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ተናገረች። እንደዚያ ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። የችግኙን፣ የውሃውን፣ የጉድጓዱን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ «እኔ አነሣለሁ፣ እሱ ይደግመዋል፣ እኔ በሱ ስም እጽፋለሁ» አለች። እናቷንም ጠራች፤ እሳቸውን ስትጠራ ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ። ጨርሳ እስክሪብቶዋን አነሣች።

እንግዳው ፋይሉን ከፈተ። አነበበ፦ «ችግኙ ለሴቶቹ ይሰጥ የሚል ሐሳብ አቶ እገሌ አቀረቡ።» ቀና አለ። «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው።»

«ተገደው ነው የጻፉት?»

«አልተገደድኩም።»

«ሐሳቡ የእርስዎ ከነበረ፣ ለምን በእርስዎ ስም አልጻፉትም?»

ወደ ኃላፊው አየች። ኃላፊው ወደ ጣራው ያያል። ወደኔ አየች። ያ የፎቶ አንሺ ቀልድ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኛ ሁለታችን በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።  አንዴ የሳቁባትን ነገር ምክንያት አድርጋ ለማቅረብ ምን ብላ ትጀምር።

ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ የምትለው እውነት ነው» አልኩ። «እኔ በሕይወቴ አንድም ሐሳብ አመንጭቼ አላውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እንግዳው እንኳ ጢሙን በእጁ ሸፈነ። «እየቀለድኩ አይደለም» አልኩ። ይበልጥ ሳቁ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ከፍ ባደረግኩት ቁጥር ሳቁ ይጨምራል። ኃላፊው እንባውን እየጠረገ፣ «ይኸው ነው እሱ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለው ለእንግዳው። ስንት ዓመት ስሙኝ ስሙኝ እያልኩ ያሳቅኳቸው ሰዎች፣ አንዲት ቀን ብቻ እንዳይስቁ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ። 

እሷ አልሳቀችም። ትጽፍ ነበር። የተናገርኩትን ቃል በቃል ጻፈችው። መጨረሻ ላይ ረቂቁ ሲነበብ ግን ኃላፊው፣ «ይቺን ሰርዣት። ቀልድ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም» አላት። ማስመሪያዋን አወጣች። የራሷን ንግግር በተመለከተ የሰፈረው አንድ መስመር ነው፦ «አቤት ባይዋ ቅሬታቸውን በቃል አሰሙ።» ምን እንዳሰሙ የለም። ከዚያ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቷ፣ «ቤቱ ተወያይቶ ቅሬታውን ውድቅ አድርጓል» ብላ ጻፈች፤ ከግርጌው ፈረመች።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆምን። 

«ግባበት» አለችኝ። «የማላውቀው ሰው ከሚመጣ አንተ ግባ። ቢያንስ እማዬን የሚያያት ሰው ይኖራል።»

«አንቺስ?»

«አላህ ያውቃል። አብሽር፤ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም» አለች። «ብቻ» ያለችውን ሰምቻታለሁ።

አቤት ማለቷ ሳይጠቅማት ቀርቶ ጭራሽ ጎዳት። በሦስተኛው ወር ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ፣ ተሳላሚዎች ከአውቶቡስ ወርደው በእግር በሚቀጥሉበት አካባቢ ወዳለ ቦታ ተዛወረች። ለመስክ ሥራ ሴት አይሆንም ሲሏት የኖሩ ሰዎች፣ ለቅጣት ሲሆን ተራራው ላይ ለማውጣት በቅሎም አላስፈለጋቸው። ከዚያ በኋላ ዐርብ ዐርብ መውረዱ ቀረ። በወር አንዴ ከቀናት፤ ክረምት ሲገባ እሱም የለም።

እኔ ሐይቅ ገባሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ድፍረቴን አሰባስቤ ወደ ሴትዮዋ ቤት ወጣሁ። ከደጅ ሆኜ «እንደምን ዋሉ እማማ» ስል ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ልጄን ያሸነፍካት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ና ቁጭ በል እስቲ። ያሸነፈ ሰው ምን እንደሚመስል ላይህ ብል ዐይን የለኝም።»

ተቀመጥኩ። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱ፤ አፍንጫዬ ላይ ቆም አሉ። «ይህን ይዘህ ነው ያሸነፍካት?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዐስር ሶላት በኋላ ሥራ ስጨርስ ሳልወጣ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ከቦኖ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ጀሪካን የተሸከመ የመንግሥት ሠራተኛ ወንድ አይቶ ስለማያውቅ ሴቶቹ መንገድ ላይ ቆመው ይመለከቱኝ ነበር፤ እኔም እጅ እነሣለሁ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ አወራላቸዋለሁ። የቢሮውን፣ የገበያውን፣ የራሴን ጉድ። ይስቃሉ። ሲስቁ ልጃቸውን ይመስላሉ። ልቤ ቀለል ይለኝ ነበር፤ አንድ ነገር የመለስኩ እየመሰለኝ። የመለስኩት ነገር አልነበረም። እዚያ መቀመጥ የነበረባት እሷ ናት፤ ሴትዮዋም ይህን አልረሱትም። አንዳንዴ ወሬዬን አቋርጠው፣ «የተራራው መንገድ ደርቆ ይሆን?» ይሉኛል። በነሐሴ።

የሞቱት በዚያው በነሐሴ፣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ጎረቤት ቁርስ ይዛ ስትገባ አልጋውና በሩ መካከል ወድቀው አገኘቻቸው። ጣቢያው ድረስ ሰው መጥቶ ጠራኝ። ስደርስ ሴቶቹ ሸፍነዋቸዋል። ወደ ተራራው ሰው ላክን፤ ስልክ አልነበረም፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ጀናዛ አያድርም። ዙህር ከተሰገደ በኋላ ቀበርናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ፤ እኔም ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ቀላል ነገር ተሸክሜ አላውቅም።

እሷ የደረሰችው በማግስቱ ዐስር አካባቢ ነው። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እሷ ቆማ ቤቱን አየች። አልጋውን፣ በሩን፣ በመካከላቸው ያለውን መሬት። ከዚያ ወደኔ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ኖሮ አንድ ቀልድ ይመጣልኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆነው። ጡረታ ወጥታ እዚያው ቤት ገባች። እኔም ጡረታ ወጥቼ ሐይቅ ቀረሁ። የዛሬ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሴት ኃላፊዎች አሉ፤ ደስ ይለኛል። ባለፈው ለጡረታ ጉዳይ ገብቼ ስብሰባቸውን በበሩ ክፍተት አየሁ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ እግር ሴት ነበረች። ልገባና አንድ ነገር ልላት አሰብኩ፤ ዘበኛው፣ «አባባ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ፤ ይጠሩዎታል» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ቤቷ እሄዳለሁ። የጋቢውን ነገር ነገርኳት፤ «ይሞቃል?» አለችኝ ብቻ። ስለዚያ ውድድር አታነሣም። የምትጠይቀኝ ስለ እናቷ ነው። ሁለቱን ዓመት ከሳቸው ጋር የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ሌላ የሚያውቅ የለም። «ምን ትል ነበር?» ትለኛለች። ያለኝን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ የአፍንጫዬን፣ የተራራውን መንገድ፣ የእህቷን ካሴት ደጋግመው ሲያስከፍቱኝ የኖሩበትን። «ሌላስ?» ትላለች። ሌላው ትንሽ ነው። በነዚያ ከሰዓቶች ሲያወራ የኖረው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ይሰሙኝ ነበር። የራሴን ቀልድ አንድም ሳላስቀር አስታውሳለሁ፤ የሳቸው ቃል ግን ጠፍቶኛል። አንድ ጊዜ ጨንቆኝ ከራሴ ፈጠርኩላት። «ልጄ የዘመኔ ኩራት ናት ብለው ነበር» አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «እማዬ እንዲህ ያለ አማርኛ አታውቅም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልፈጥርም።

ባለፈው ሐሙስ ሳላስበው፣ «እማዬ የዚያን ቀን ጠዋት ተጣርታ ይሆን?» አለችኝ። ጣቢያው እዚያው ሥር ነው። ከደጃፉ ቢጣሩ ይሰማል። እኔ በዚያች ሰዓት ሠራተኞቹን ሰብስቤ አወራ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። እንደማላውቅ ታውቃለች። ግን ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም።